የሚያጨሰው ጋን

አንዱን መጠጥ ከአንዱ ጢስ ጋር አስማምቶ መቅመስ በአውሮፓና በአሜሪካ ራሱን የቻለ ሙያ ከሆነ ቆይቷል፤ መጻሕፍት ይጻፉበታል፣ ምሽቶች ይሰናዱለታል፣ ምላሳቸውን ለዚሁ ያሠለጠኑ ሰዎችም እንጀራቸውን ይበሉበታል። ከሚወደሱት ጥምረቶች አንዱ ደረቅ ነጭ የወይን ጠጅ ከለዘብተኛ ሲጋር ጋር ነው። ሲጋር በወረቀት ከሚጠቀለለው ሲጋራ የሚለየው ከሆዱ እስከ ልብሱ በትምባሆ ቅጠል ብቻ የተሠራ በመሆኑ ሲሆን፣ አማርኛ በስሙ ላይ ትንሽ በደል ፈጽሞበታል፤ የአውሮፓ ቋንቋዎች ወፍራሙን ሲጋር ብለው ከሰየሙ በኋላ ቀጭኑን እንደ ልጁ ቆጥረው በማሳነሻ ቅጥያ «ሲጋሬት» ሲሉት፣ አማርኛ ግን ለቀጭኑ የአባቱን ስም የሚያህል «ሲጋራ» የሚል ስም ስለሰጠው፣ ወፍራሙ በፊልምና በኩባ መሪዎች ፎቶግራፍ ላይ ዘግይቶ ሲመጣ ስሙ ተይዞ ጠበቀው።

ይህን ጥምረት ለአማርኛ አንባቢ ለማስረዳት ቅርብ የሆነው ቃል «ማባያ» ነው። ማባያ እንጀራ ብቻውን እንዳይበላ አብሮት የሚቀርብ ወጥ ወይም ሌላ ማጣፈጫ በመሆኑ፣ በዚህ ስሌት ሲጋሩ የወይን ጠጁ ማባያ ይሆናል፤ ሲጋር አጫሹ ከተጠየቀ ግን ማባያው የወይን ጠጁ ነው። «ደረቅ» የሚለው ቅጽል ከዚህ የበለጠ ማብራሪያ ያስፈልገዋል፤ ከጠርሙስ ወደ ብርጭቆ እየተንዶቆዶቀ የሚወርድ ነገር እንዴት ደረቅ እንደሚባል የሚደነቅ አይጠፋምና። አማርኛ ቃሉን የሚጠራው የሚጠበቅ ነገር በጎደለበት ቦታ ነው፤ ማባያ የሌለው እንጀራ ደረቅ እንጀራ፣ በባንክ ገንዘብ የሌለው ቼክ ደረቅ ቼክ፣ ባሕር የሌለው የሞጆ ወደብ ደረቅ ወደብ፣ ምክር የማይዘልቀው ሰውም ደረቅ ሰው ይባላል። ከደረቅ የወይን ጠጅ የጎደለው ስኳር ነው፤ የወይኑን ስኳር እርሾ በልቶ ወደ አልኮል ሲለውጠውና በአንድ ሊትር መጠጥ ውስጥ ከ4 ግራም የማይበልጥ ሲቀር፣ የአውሮፓ ኅብረት ደንብ መጠጡን ደረቅ ብሎ ለመሰየም ይፈቅዳል።

ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ባዶ እጇን አይደለችም። አዋሽ ክሪስታል በየመጠጥ ቤቱ መደርደሪያ ላይ የቆየ ደረቅ ነጭ የወይን ጠጅ ሲሆን፣ በዝዋይ፣ ዛሬ ባቱ በሚባለው ከተማ አጠገብ ወይን የተከለው ካስትል የተባለው ኩባንያ ደግሞ ሻርዶኔ ከተባለው የፈረንሳይ ወይን ዝርያ የራሱን ነጭ ያወጣል። ቃሉ ራሱ ግን ጠርሙሱን አልጠበቀም፤ የጠጅ ቤት ደንበኛ ማሩ ተበልቶ ያለቀበትን፣ ለምላስ የማይለዝበውን ጠጅ ደረቅ ብሎ ይጠራዋል፤ ጣፋጩንና ገና ኃይሉ ያልወጣለትን ለስላሳ፣ በሁለቱ መካከል ያለውን መካከለኛ፣ ያልቦካውን የማር ውኃ ደግሞ ብርዝ ይለዋል። ለዘብተኛውን ሲጋር «ለስላሳ ሲጋር» ብሎ መተርጎም የማይበጀውም በዚሁ የተነሣ ነው፤ «ለስላሳ» የሚለው ቃል ዛሬ ብቻውን ሲጠራ በቆርኪ የታሸገ፣ የሚፈላና ልጆች የሚያለቅሱለት መጠጥ ሆኗልና፣ አሳላፊው ሲጋር ታዝዞ ብርቱካናማ ጠርሙስ ይዞ ቢመጣ ጥፋቱ የእርሱ አይሆንም።

ሲጋር ለዘብተኛ ወይም ኃይለኛ የሚሆነው በዋናነት ቅጠሉ በተክሉ ላይ በነበረው ሥፍራ ነው። የኩባ ሲጋር ጠቅላዮች ከታች የሚለቀመውን ቅጠል ቮላዶ፣ የመካከሉን ሴኮ፣ የላይኛውን ሊሄሮ ይሉታል፤ ላይኛው ቅጠል ፀሐይን በሙሉ ስለሚጠጣ ወፍራምና ኃይለኛ ሲሆን፣ ታችኛው በወንድሞቹ ጥላ ሥር ስላደገ ለዘብ ያለና በቀላሉ የሚነድ ነው፤ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሁሉ የሚከብድ መሆኑን ከትምባሆ በፊት ያወቀ ሕዝብ በዚህ አይደነቅም። ብዙ ለዘብተኛ ሲጋሮች የሚለብሱት ቅጠል ደግሞ በአሜሪካ ኮኔቲከት ሸለቆ ከፀሐይ በጨርቅ ተከልሎ የሚያድግ፣ ልክ ከሠርጓ በፊት ወደ ውጭ እንደማትወጣ ሙሽራ ፊቱ የፈካ ነው። የጥምረቱ ሕግ ከዚህ በኋላ አጭር ነው፤ ለዘብተኛ ከለዘብተኛ፣ ኃይለኛ ከኃይለኛ። የደጋ ሽማግሌዎች ጋብቻ ሲዋዋሉ አቻን ከአቻ እንደሚፈልጉ ሁሉ፣ ቀማሾችም አንዱ ወገን ሌላውን እንዳይውጠው ይጠነቀቃሉ። ነጭ የወይን ጠጅ ኮምጠጥ ማለቱ ጢሱ በምላስ ላይ የሚተወውን ልባስ ያጥባል ሲሉ፣ ቀዩ ግን ከወይኑ ቆዳ በሚያገኘው ታኒን፣ ማለትም አፍን በሚያኮማትረው ንጥረ ነገር፣ ከጢሱ ጋር ተባብሮ አፍን የበጋ ጭቃ ያስመስለዋል ይላሉ። የሲጋር ጢስ ወደ ሳንባ አይሳብም፤ አፍ ውስጥ ዞሮ ይወጣል፤ ይሁን እንጂ የጢሱ ጠባይ ኒኮቲን በአፍ ውስጠኛ ቆዳ በኩል ጭምር ወደ ደም እንዲገባ ስለሚያደርግ፣ ወደ ሆድ አልዋጥኩትም የሚለው አጫሽ ጾም ላይ ወጥ በምላሱ ቀምሶ አልበላሁም ከሚለው ሰው ብዙ አይርቅም።

ይህ ሁሉ ሥርዓት ወደ ወሎ፣ ወደ ላስታ ተራሮችና ወደ ደላንታ ሜዳ ይዛወር ቢባል የሚገጥመው እንቅፋት አንድ ሁለት አይደለም። ሲጋር እንዳይሰነጠቅ እርጥበቱ ወደ 70 በመቶ በሚጠጋ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ላሊበላ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ የበጋ ነፋሷ እርጥብ ነጠላን ሳይዘገይ የሚያደርቅ ከተማ ናት። ከዚያ ወዲያ ያለችው የደላንታዋ ወገል ጤና ይህን ሥጋት በሌላ በር ታውቀዋለች፤ ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስሟን በዓለም ገበያ ያስጠራው ኦፓል የተባለው የከበረ ድንጋይ ውኃ በሆዱ የሚይዝ ስለሆነ፣ ነጋዴው እንደ ሲጋር ሻጭ ሁሉ በድርቀት ምክንያት መሰንጠቅን ይፈራል። የከተማዋ ስም ግማሹ «ጤና» መሆኑ ደግሞ ስለ ትምባሆ ውበት ለሚናገር ሰው ምቹ መድረክ አያደርጋትም። ሕጉም አለ፤ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሕዝብ መገልገያ ቤቶችና በሥራ ቦታዎች ውስጥ ማጨስን የከለከለ ሲሆን፣ በትምባሆ ማሸጊያ ላይ የሚታተመው የጤና ማስጠንቀቂያም 70 በመቶውን እንዲሸፍን አዟል። የሲጋሩ ሣጥን በውስጥ 70 በመቶ እርጥበት፣ በውጭ 70 በመቶ ማስጠንቀቂያ መጠየቁ የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ባልና ሚስቱ ግን፣ ማለትም ወይን ጠጁና ሲጋሩ፣ አንዱ ከአዳራሽ አንዱ ከግቢ ውጭ ሆነው በመስኮት ከመተያየት ሌላ አማራጭ አይቀራቸውም። ክልከላው ለአካባቢው ባሕል እንግዳ አይደለም፤ አፄ ዮሐንስ 4ኛም በዘመናቸው ትምባሆን በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ የደጋው ክርስቲያን ገበሬም እስከ ዛሬ ድረስ አጫሽን በጎሪጥ ያያል።

በሲጋር ሙያ «ቶርፒዶ» የሚባል አንድ ቅርጽ አለ፤ ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ የባሕር ውስጥ ፈንጂ የሚመስል ጥቅል ነው። ላሊበላም ቶርፒዶ አላት፤ እርሱ ግን በጉዞ መጻሕፍት ሳይቀር የተመዘገበ ጠጅ ቤት ሲሆን፣ የሚያስወነጭፈው በብርሌ ነው። ብርሌ አንገቱ ረጅም፣ ሆዱ ክብ፣ አፉ ጠባብ የሆነ የጠጅ ብርጭቆ መሆኑ ይታወቃል፤ የወይን ጠጅ ሊቃውንት የብርጭቆ አፍ ጠበብ ሲል መዓዛን ይሰበስባል ብለው የሚያስተምሩትን የብርሌ ሠሪ ያለ ትምህርት ሠርቶት ሲቀመጥ፣ ያልታሰበበት ነገር ቢኖር አፍንጫ የሚገባበት ቀዳዳ ብቻ ነው።

በዚህ አገር መጠጥና ጢስ አይተዋወቁም ብሎ መደምደም ግን ታላቅ ስሕተት ይሆናል። ተጋብተው ኖረዋል፤ ልዩነቱ ጋብቻው የተፈጸመው በጠጪው አፍ ውስጥ ሳይሆን በጋን ሆድ ውስጥ መሆኑ ነው። የሚያጨሰው ጋኑ ነው፤ ሰው የሚጠጣው ጋኑ አጭሶ የተረፈውን ነው። ጋን ከሸክላ የተሠራ፣ ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ አጠር ያለ ትልቅ ማሰሮ ሲሆን፣ ጠላ ወይም ጠጅ ከመጠመቁ በፊት በግራዋ ቅጠል ተፈትጎ ይታጠባል፤ ግራዋ መራራ ቅጠሉ ለእቃ ማጠቢያ የሚውል ቁጥቋጦ ነው። ከዚያ በኋላ ፍም ላይ የወይራ ፍልጥ ይጣልና ጋኑ በአፉ ተደፍቶ ይታጠናል። ሲጋር አጫሽ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጥሎ ጣሪያ እያየ ጢሱን ሲያወጣ፣ ጋን ግን ተደፍቶ፣ ፊቱን ወደ ምድር አድርጎ ያጨሳል፤ ጢሱን አፉ ውስጥ አዙሮ የሚተፋ ሳይሆን እስከ ሆዱ ድረስ የሚስብ ሐቀኛ አጫሽም ነው። ስለ ጤናው የሚጨነቅለት ባይኖርም የታጠነ ጋን ካልታጠነው የተሻለ ጤነኛ ነው፤ የወይራ ጢስ በሸክላው ቀዳዳዎች ውስጥ ተጣብቆ መጠጡን የሚያበላሹ ተሕዋስያንን ስለሚያዳክም፣ ጠላው ቶሎ እንዳይሆመጥጥ ያግዛል፤ መዓዛውን የሚሰጠውም እርሱ ነው።

የጠላ አጠማመቅ ራሱን የቻለ ሳይንስ ነው፤ ጌሾና ብቅል በውኃ ተነክረው ጥንስስ የሚባለው መነሻ ይዘጋጃል፤ ቂጣ ተጋግሮ ይቆራረስበታል፤ ቀጥሎ ዱቄቱ በምጣድ ላይ በውኃ እየታሸ ታምሶ የሚገኘው እንኩሮ ይጨመርና ድፍድፍ ይሆናል፤ በመጨረሻ ውኃ ይሞላበትና የጋኑ አፍ ይመረጋል። ጌሾ መራራ ቅጠልና እንጨት ያለው ተክል ሲሆን፣ በቢራ ውስጥ ሆፕ የተባለው ተክል፣ በቀይ ወይን ውስጥም ታኒን የሚሠሩትን ሥራ ይሠራል፤ ጣፋጩን ይገራል። ሲጋርና የወይን ጠጅ በአንድ ምሽት ተዋውቀው በዚያው ምሽት ሲለያዩ፣ ጢሱና ጠላው ግን በተመረገ አፍ ውስጥ ለቀናት ብቻቸውን ተዘግተው ይሰነብታሉ። ጫጉላ ማለት ይህ ነው፤ የሚያንኳኳ የለም።

አቻን ከአቻ የማጋባት ሕግም በጠላ ጠማቂዋ ቤት ውስጥ ሥራ ላይ ከዋለ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በደጋው ገብስ የሚጠመቅ፣ እህሉ ብዙም ያልተቆላ ነጣ ያለ ጠላ ጢስ ሲበዛበት ጣዕሙ ይሞታል፤ ስለዚህ ጠማቂዋ ለእርሱ ወይራውን ቆጥባ ጋኑን ቀለል አድርጋ ታጥነዋለች። እህሉ እስኪጠቁር ተቆልቶ የሚጠመቀው ጥቁር ጠላ ግን የራሱ ምሬትና ቃጠሎ ስላለው ከበድ ያለ ጢስ አይከብደውም። ለዘብተኛ ከለዘብተኛ፣ ኃይለኛ ከኃይለኛ የሚለው የቀማሾች ድንጋጌ ከዚህ በምን እንደሚለይ ለማሳየት የሚችል ካለ ዋንጫው ይቀዳለት። ስሕተት ሲደርስ ፍርዱ ይፋ ነው፤ የማኅበር ዕለት ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ ዋንጫውን ከአፉ አንሥቶ ወደ ጎረቤቱ እያየ «እንደው ትንሽ ጢስ ጢስ አላለም?» ካለ፣ እመቤቲቱ እስከሚቀጥለው ዓመት ማኅበር ድረስ የምታስበው ነገር ተሰጥቷታል ማለት ነው። በታላላቅ ምግብ ቤቶች ወይንን መርጦ ከምግብ ጋር የሚያጋባው ባለሙያ ሶምሊየር ይባላል፣ በደረቱም ላይ የወይን ዘለላ ዓርማ ይሰካል፤ ጠማቂዋ ግን ማዕረግ የላትም፣ ዓርማዋም በወይራ ጢስ የቀላ ዓይኗ ነው፤ ይህ ሒሳብ በሙያው መጻሕፍት ውስጥ አለመግባቱ ደራሲዎቹ በየትኛው በር በኩል ወደ ቤት እንደገቡ ያሳያል።

ጠጅ ከጠላም የባሰ የጢስ ወዳጅ ነው፤ ወደ ብርሌው እስኪደርስ ድረስ ሦስት ጊዜ ታጥኗል። በመጀመሪያ ባዶው ባህላዊ ቀፎ መንጋ እንዲወድደው መዓዛ ባለው እንጨትና ቅጠል ይታጠናል። ሁለተኛ ማር ቆራጩ ሲመጣ ንቦቹ እንዲረጋጉ ጢስ ይነፋባቸዋል፤ ንብ ጢስ ሲሸታት ቤቷ የሚቃጠል መስሏት ማር ወደ መጉረስ ስለምታዘነብል፣ ሆዷም ሲሞላ ለመናደፍ ስለማትነሣሣ ነው። ሦስተኛ ማሩ በውኃ ተበርዞ የሚገባበት ጋን ራሱ በወይራና በጌሾ እንጨት ጢስ ይታጠናል። የዚህ ሁሉ መዲና ላሊበላ መሆኗም ተገቢ ነው፤ ትውፊቱ እንደሚለው ከተማዋ ስሙን የያዘችው ንጉሥ ሕፃን ሳለ የንብ መንጋ ቢከብበው እናቱ ንቦች ንግሥናውን አወቁ ስትል ላሊበላ ብላ ሰየመችው፤ የከተማዋ ስም ከሥሩ ማር ማር ይላል። ስለዚህ በዚያ ከተማ ደረቅ ጠጅ የተቀዳለት እንግዳ ከኪሱ ሲጋር ሊያወጣ ቢቃጣ፣ ከሕጉም ከባሕሉም በፊት መልስ የሚሰጠው ብርሌው ነው፤ በውስጡ ያለው መጠጥ ማባያውን በልቶ መጥቷልና።

ወሎ በአጠቃላይ ጢስን ለእሳት ብቻ ያልተወ አገር ነው። ቡና ከአቦል እስከ በረካ ሲጠጣ ጭሳጭስ የሚባለው የዕጣንና የመዓዛማ እንጨቶች ድብልቅ ከረከቦቱ አጠገብ ይጨሳል፤ ይህ በትክክለኛ ትርጉሙ የመጠጥና የጢስ ጥምረት ሲሆን፣ አጫሹ እዚህም ሰው ሳይሆን ገል ነው። የወተት ቅልም በወይራ ይታጠናል። ሴቶች ደግሞ በወይባ እንጨት ጢስ ላይ ተሸፍነው ተቀምጠው ገላቸውን ያጥናሉ፤ ሙሽራም ከዚህ አትቀርም፤ ከቀናት ጢስ በኋላ ቆዳዋ የወይባን ቀለምና ሽታ ይዞ ሲወጣ፣ በኮኔቲከት በጨርቅ ተጋርዶ ያደገው ቅጠል ሊቀናባት ይገባል። የቤተ ክርስቲያኑን ዕጣን ግን ይህ ወግ አይነካውም፤ እርሱ ከቀማሾች ሥልጣን ውጭ ነው።

በዚህ የቆየ ሥርዓት ላይ የመጣው አደጋ ሲጋር ሳይሆን ፕላስቲክ በርሜል ነው። በርሜሉ አይሰበርም፣ በመኪና ይጫናል፣ እንደ ጋን በጠጠር መደገፍም አያስፈልገውም፤ በመሆኑም ብዙ ጠላ ለሚሸጡ ቤቶች የተመቸ ሆኗል። ይሁን እንጂ በርሜል ማጨስ አይችልም፤ ፍም ላይ ቢደፋ ጢሱን ሳይስብ ራሱ ይቀልጣል። ከእርሱ የሚቀዳው ጠላ ጌሾው ሳይጎድል፣ ብቅሉ ሳይጓደል አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ በአማርኛው ሥርዓት መሠረት «ደረቅ ጠላ» ሊባል የሚገባው እንግዲህ እርሱ ነበር። አንዳንድ ጠማቂዎች ጥንስሱን በታጠነ እንስራ ጀምረው ድፍድፉን ወደ በርሜል በማዛወር ችግሩን ያስታግሡታል፤ ሌሎች ግን ነገሩን ትተውታል፤ ደንበኛውም ለምዷል።

ሥራ የፈታው ጋን ብዙ ጊዜ እህል ማስቀመጫ ይሆናል፤ ከተሰነጠቀም በየሆቴሉ ግቢ ለጌጥ ይቆማል፣ አበባ ይተከልበታል፣ እንግዶች አጠገቡ ፎቶግራፍ ይነሣሉ። ማጨስ ያቆመበትን ዓመት ረስቶትም ቢሆን፣ ሐምሌ ገብቶ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲመታው ከአፈርና ከአበባው ሥር የወይራ ሽታ ይወጣል፤ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ደረቅ ነጭ የወይን ጠጅ የሚጠጣ ሰው ካለ፣ ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ ሽታው ከየት እንደመጣ ለማወቅ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ያነብባል።